አድራሻ የሌላት

ያርኔይ ጠየቀኝ፣ የእህቴ የልጅ ልጅ፣
አዲስ የገዛውን ዘንግ እያገላበጠ በእጅ፦
«ከዚህ ሁሉ ወንዝ፣ ከዚህ ሁሉ ጅረት
አንተ የምትመርጠው የቱን ነው ለትራውት?»

ሶቻን ይጠብቃል ከአፌ እንዲወጣ፤
ሶቻማ ስንቱን ሰው ከስንት አገር አመጣ!
እውነት ነው፣ ውብ ወንዝ ነው፤ መስታወት ነው ውሃው፣
ክንድ የሚያህል ዓሣ ያድራል ከዋሻው።
ግን በየቋጥኙ ቆሟል አንድ እንግዳ፣
ውድ ቦት ተጫምቶ፣ የገዛው በዕዳ።

ቬንቼስላቭ ደግሞ፣ ያጥማጆች ማኅበር ሹም፣
ከመሰንጠቂያው በታች ካለው ወንዝ አይወጣም፤
«ትልቅ ዓሣ ያለው ትልቅ ውሃ ነው» ይላል፣
ሠላሳ ዓመት ያንኑ ይላል፣
ያንኑ ባዶ ቅርጫት ይዞ ይመለሳል።

የኔዋን ልንገርህ? ካርታ ላይ የለችም።
አርባ ዓመት ፖስታ ሳድል ስሟን አልሰማሁም።
የማን ውሻ እንደሚነክስ፣ የማን ደረጃ እንደሚያንሸራትት የማውቅ፣
ማን ከልጁ ደብዳቤ ቀርቶበት ደጅ ላይ እንደሚጠብቅ፣
እኔ ነኝ የመረጥኩ አድራሻ የሌላትን፣
ከአሎይዚያ በረት ጀርባ የምትሾልከውን።

ስፋቷ? ልጅ ሳለሁ ባንድ ዝላይ ነበር፤
ዛሬ በሁለት ነው፣ ያውም ጉልበቴን ለምኜ ስሻገር።
ዘንግህን እንደ ልብ አታወናጭፍባትም፤
አኻያው ዝንብህን ነጥቆ አይመልስም።
ተንበርክከህ፣ ትንፋሽህን ውጠህ፣
ጥላህን ከኋላህ እንደ ውሻ አስረህ፣
በቀስታ ነው ክርህን የምታስገባው፣
በበር ሥር ደብዳቤ እንደሚያሾልክ ሰው።
ትራውቷስ? ከመዳፌ አትበልጥም፤
ጎኗ ላይ ቀይ ነጥብ፣ የድሮ ፖስታ ላይ እንዳለ የሰም ማኅተም።

ይህን ሁሉ ግን ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

አንድ ነሐሴ፣ ሰማዩ ስድስት ሳምንት ዝም ባለበት፣
ደብዳቤ ላደርስ ስሄድ ከአሎይዚያ ቤት፣
ጅረቷ የለችም።
ነጭ ጠጠር ብቻ፣ እንደ ተራገፈ አጥንት።
ከድልድዩ ሥር አንዲት ኩሬ፣ ሳፋ የማታህል፤
አሥራ አንድ ትራውት በጎን ተኝተው፣
አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል።

አሎይዚያን ጠራኋት። የወተት ቢዶን አወጣች፤
ቀሚሷን ሰብስባ ከጭቃው ገባች።
(ከዚያ ቀን በፊት ከ«እንደምን አደርሽ» ያለፈ ቃል አልነበረንም፤
ከዚያም በኋላ ብዙ አልጨመርንም።)

በቢጫዋ ሞተር፣ ቢዶኑን ከኋላ አስሬ፣
የመንግሥትን ፖስታ አጥር ላይ አሳድሬ፣
ቁልቁል ነዳሁት፣ ውሃው ጀርባዬን እያራሰው፣
በየጉድጓዱ ስንዘል ነፍሴ ከነሱ ጋር እየዘለለች ነው።
ከመሰንጠቂያው በታች፣ ከጥልቁ ኩሬ ዳር፣
አንድ ባንድ ለቀቅኳቸው፤ ቆጠርኩ፤ አሥር።
አንዷ መንገድ ላይ ቀርታለች።

መድረሳችሁን ፈርሙልኝ አላልኳቸውም፤
እነሱም ዞረው አላዩኝም።

እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ይላሉ፤
እኔን የወሰደኝ ግን እየደረቀ ነው።

በሚያዝያ በረዶው ቀልጦ ውሃው ሲመለስ፣
ከድልድዩ ሥር አንዲት ትራውት ዝንቤን ስትቀምስ፣
ከአሥሩ አንዷ ትሁን፣ ሌላ ትሁን፣ አላወቅኩም፤
መንጠቆውን ፈታሁላት፤
ከዚያ ወዲህ ሌላ ወንዝ አልሄድኩም።

ያርኔይ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ፣ «ትልቋ ስንት ትመዝናለች?»
መዳፌን ዘረጋሁለት።
ሳቀ፤ መኪናው ተነሣች፣
ሶቻን ይዛ ወረደች።
ይሂድ። ለሁለት ሰው ትጠባለች።

አመሻሽ ላይ በበረቱ በኩል አለፍኩ።
አሎይዚያ ቢዶኑን አጥባ አጥሩ ላይ ደፍታዋለች፤ አየሁት።
ምንም አላለችኝም።
ሰማዩም ምንም አላለ፣
ይኸው ሦስተኛ ሳምንት።